መካከለኛ ውፍረት ያለው ቡና፦ አቀማመሱና ከምግብ ጋር ያለው ስምምነት

በጅዳና በመካ የቡናና የቅመማ ቅመም መደብሮች ውስጥ ከኢትዮጵያ ለሚገባው ጥሬ ቡና ከሚሰጡት የታወቁ ስሞች መካከል «ሐረሪ» እና «ሉቅመቲ» ይገኙበታል። የመጀመሪያው ከሐረር፣ ሁለተኛው ለቀምት ከሚለው የነቀምት የቀድሞ አጠራር የመጣ ነው። ስሙ ቡናው የበቀለበትን አካባቢ ይጠቁማል እንጂ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ቡና አዲስ ይሁን የከረመ፣ ንጹሕ ይሁን የተደባለቀ አይናገርም። ይህን የሚለየው ቅምሻ ነው።

በሩዋይስም ሆነ በሌሎች የጅዳና የመካ ሰፈሮች ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ቡና ሲቆላና ሲፈላ እያዩ ያደጉ ናቸው። ምላሳቸው አስቀድሞ የሚያውቀውን ጣዕም በስሙ መጥራት ከቻሉ ለሚከፍሉት ገንዘብ ተመጣጣኝ ዕቃ ለመግዛት ይረዳቸዋል። በቡና ቤት ወይም በሰው ቤት ቡና እያፈሉ ለሚተዳደሩ ደግሞ ሙያቸውን የሚያስረዱበት ቋንቋ ይሆናቸዋል። ይህ ጽሑፍ ብዙ ዓይነት ምግብ የሚስማማውን መካከለኛ ውፍረት ያለው ቡና ያስተዋውቃል፤ እንዴት እንደሚቀመስና ከምን ጋር ቢቀርብ እንደሚሻልም ያስረዳል።

ቃሉና ታሪኩ

«ቀህዋ» የሚለው የዓረብኛ ቃል የቡና መጠሪያ ከመሆኑ በፊት በጥንታዊው የዓረብ ሥነ ግጥም ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር። ቡና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲስፋፋ ለተነሣበት ክርክር ይህ የስም መወራረስ የራሱ ድርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1511 በመካ የማምሉክ መንግሥት ሹም የነበረው ኻኢር ቤግ የሕግ ሊቃውንትንና ሐኪሞችን ሰብስቦ ቡና እንዳይጠጣ አስወሰነ። ሆኖም ከካይሮ የመጣው የሱልጣኑ ውሳኔ መጠጡን ፈጽሞ ስላልከለከለ እገዳው ብዙ ሳይቆይ ላልቷል። ከዚያ በኋላ ቡና የሒጃዝ የእንግዳ መቀበያ ሆኖ ጸና።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የዓረብ ቡናን የልግስና ምልክት አድርጎ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ምዝገባው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በኦማንና በኳታር የጋራ ጥያቄ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡባዊ ተራሮች የሚበቅለው የኸውላኒ ቡና አመራረት ዕውቀት በዚሁ መዝገብ ገብቷል፤ ዓመቱም በመንግሥቱ «የሳዑዲ ቡና ዓመት» ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢ አገሮች አንዷ መሆኗም ይታወቃል።

የወይን ጠጅና የቡና ግንኙነት ዛሬ የቀረው በቀማሾች ቋንቋ ነው። ቀማሾች የሐረርንና የሊሙን ቡና ብዙ ጊዜ «ወይን መሰል» ይሉታል። ቃሉ የበሰለ ፍሬ ጣዕምንና ለስላሳ ጎምዛዛነትን ይገልጻል እንጂ ከአልኮል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ውፍረት ምንድን ነው?

ውፍረት፣ በሙያው አጠራር «ቦዲ»፣ ቡናው በአፍ ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው የክብደት ስሜት ነው። ከመራራነትም ሆነ ከቀለም ጥቁረት ጋር መምታታት የለበትም። ልዩነቱን በወተት መረዳት ይቻላል፦ ቅባቱ የወጣለት ወተት በምላስ ላይ ቀጭን ነው፤ ያልተነካ ወተት ግን ምላስን ይሸፍናል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ቡና በሁለቱ መካከል ይቆማል። እንደ ውኃ አይሳሳም፤ እንደ አጥሚትም አይከብድም።

ውፍረቱን የሚወስኑት የቡናው ቅባት፣ በፈላው ውስጥ የሚቀሩት ደቃቅ ብናኞችና የሟሟው ንጥረ ነገር መጠን ናቸው። አዘገጃጀቱም ለውጥ ያመጣል። የታጠበ ቡና ሥጋውና ዝልግልጉ ከተወገደለት በኋላ ስለሚደርቅ በአብዛኛው ጣዕሙ የጠራ፣ ክብደቱም ቀለል ያለ ነው። ያልታጠበ ቡና ከነፍሬው፣ ማለትም ጀንፈል ሆኖ፣ በፀሐይ ስለሚደርቅ ወፈር ያለና የፍሬ ጣዕሙ የጎላ ይሆናል። በወረቀት ማጥለያ የተጠለለ ቡና ቅባቱ በወረቀቱ ላይ ስለሚቀር ይሳሳል፤ በጀበና የፈላው ግን ክብደቱን ይጠብቃል።

ከኢትዮጵያ ቡናዎች የታጠበው ይርጋጨፌ በአበባና በሎሚ መዓዛው የታወቀና ቀለል ያለ ነው። የታጠበው ሊሙ መካከለኛ ውፍረትና የተመጣጠነ ጎምዛዛነት ስላለው ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ያልታጠበው ሐረር ከመካከለኛ እስከ ወፍራም ይደርሳል፤ የበሰለ እንጆሪ መሰል ፍሬና የቸኮሌት ጣዕምም ይታወቅበታል።

አቀማመሱ

ለቅምሻ የሚያስፈልገው ትንሽ ሚዛን፣ አምስት እኩል ስኒዎች፣ ማንኪያና የፈላ ውኃ ነው። በዓለም አቀፉ የቅምሻ ሥርዓት መጠኑ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ነው። የቤት ሚዛን ይህን ያህል ረቂቅ ስለማይሆን ለ200 ሚሊ ሊትር ውኃ 11 ግራም መያዝ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

አንደኛ፣ ቡናው ሳይጠቁር ቡናማ እስኪሆን በእኩል ይቆላል፤ ከዚያም ከ8 እስከ 24 ሰዓት ያርፋል። በጣም የጠቆረ ቡና ሁሉ ወደ አንድ የከሰል ጣዕም ስለሚቀርብ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ስኒ ቡና ለየብቻው ተመዝኖ ለየብቻው ይፈጫል። ዱቄቱ ለጀበና ከሚፈጨው ሻከር ይላል። ውኃ ከመግባቱ በፊት ሽታው ይታያል።

ሦስተኛ፣ 93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሞቀ ውኃ ይጨመራል። ቴርሞሜትር ከሌለ ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ማቆየት ይበቃል። ለ4 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል፤ በላዩም ወፍራም የዱቄት ሽፋን ይሠራል።

አራተኛ፣ አፍንጫን ወደ ስኒው አስጠግቶ ሽፋኑን በማንኪያ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ በመግፋት መስበር ያስፈልጋል። መዓዛው ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ቅጽበት ነው። ከዚያ አረፋው ተገፍፎ ይጣላል።

አምስተኛ፣ ውኃው ከተጨመረ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲወርድ፣ በማንኪያ እየተጨለፈ በኃይል ፉት ይባላል። በማዕድ ዘንድ ነውር የሚመስለው ይህ ድምፅ በቅምሻ ጊዜ ተፈላጊ ነው፤ ፈሳሹን በአፍ ውስጥ በትኖ መዓዛውን ወደ አፍንጫ ያደርሳልና። ውፍረቱን ለማወቅ ምላስን ከላንቃ ጋር ቀስ አድርጎ ማሸት ይጠቅማል።

ስድስተኛ፣ ቡናው ለብ እስኪልና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቅምሻው ይደገማል። ትኩስ ሳለ የተደበቀ ጉድለት ሲቀዘቅዝ ይገለጣል። ጥሩ ቡና ግን ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ይጨምራል እንጂ አይበላሽም።

ጉድለትን መለየት

አምስት ስኒዎች የሚዘጋጁበት ምክንያት አለ። አራቱ አንድ ዓይነት ሆነው አምስተኛው ከተለየ በዚያ ስኒ ውስጥ የተበላሸ ፍሬ ገብቷል ማለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት መጥፎ ጣዕም ካላቸው ደግሞ ችግሩ የጠቅላላው ቡና ነው። የሻጋታ ወይም የአፈር ሽታ በእርጥበት የተጎዳ ቡናን ያመለክታል። የእንጨት፣ የወረቀት ወይም የጆንያ ጣዕም ቡናው እንደከረመ ይናገራል።

ገዢን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው በወይን መሰል ጣዕምና ባልተፈለገ መቦካት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱም ጎምዛዛ ናቸው። ወይን መሰሉ ጣዕም ግን ከጣፋጭነት ጋር ይመጣል፤ ከተዋጠም በኋላ አፍን ንጹሕ አድርጎ ይተዋል። የቦካው እንደ ኮምጣጤ አፍንጫን ይወጋል፤ ከተዋጠ በኋላም በጉሮሮ ላይ ደስ የማይል ቅሪት ይተዋል። ሻጩ «የሐረር ጠባይ ነው» ቢልም ጣፋጭነት የሌለው ኮምጣጣነት ጠባይ ሳይሆን ጉድለት ነው።

በሙያው ሚዛን ቡና ከ100 ነጥብ ይመዘናል። 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ተብሎ ይመደባል፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ይለያል። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በተለያዩ አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የደከመችው የጣዕም ስም ራሱ ሀብት በመሆኑ ነው።

አንድ ቡና፣ ሁለት አፈላል

በኢትዮጵያ ሥርዓት ቡናው በደንብ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በጀበና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለም በየዙሩ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ መካከለኛ ውፍረት የሚፈልግ ሰው ቡናውን ሳይለውጥ ቶናን መጠበቅ ይችላል። በሳዑዲ ዓረቢያ ሥርዓት ደግሞ ቡናው ወርቃማ እስኪሆን ብቻ ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ ሻከር ተደርጎ ተፈጭቶ ይፈላል፤ ሄልና እንደየቤቱ ልማድ ሳፍሮን ወይም ቅርንፉድ ይጨመርበታል። ስኳር አይገባበትም። ደላው በግራ፣ ፍንጃሉ በቀኝ እጅ ይያዛል። ፍንጃሉ አይሞላም፤ እንግዳው የበቃው እንደሆነ ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጎ ያሳያል። ይህ ቡና ቀጭን ስለሆነ ከጀበናው ቡና ጋር እኩል የሚሄድ ምግብ አይፈልግም።

ከምግብ ጋር ማስማማት

መሠረቱ ክብደትን ከክብደት ጋር ማገናኘት ነው። ቀጭን ቡና በከባድ ምግብ ይዋጣል፤ ወፍራም ቡናም ለስላሳውን ምግብ ያጠፋዋል። መካከለኛው ለብዙ ዓይነት ምግብ የሚበጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቴምር ጋር፦ የቀሲም ሱከሪ በጣም ጣፋጭ በመሆኑ መረር ካለ ቡና ወይም ሄል ከበዛበት ቀህዋ ጋር ይመዛዘናል። የመዲናው ዓጅዋ ጣፋጭነቱ ረጋ ያለና ጠቆር ያለ የደረቅ ፍሬ ጣዕም ያለው ስለሆነ ከሐረር ቡና ጋር ይቀራረባል።

ከቅባት ምግብ ጋር፦ ሳምቡሳ፣ ሙጠበቅ ወይም ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ ከተበላ በኋላ የሊሙ ጎምዛዛነት የቅባቱን ስሜት ከአፍ ያጥባል።

ከእህል ጋር፦ ቆሎ፣ ፈንድሻና ድፎ ዳቦ የመቆላትና የመጋገር መዓዛቸው ከቡናው ቁሌት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የቡናውን ጣዕም አይጋፉም። በቆሎው ላይ ጥቂት ጨው ካለ የቡናው መራራነት ይለዝባል።

ከጣፋጭ ጋር፦ በሽሮፕ የራሰ ኩናፋ ወይም በስቡሳ ሲቀርብ ቡናው ያለ ስኳር ቢሆን ይመረጣል።

ከሚያቃጥል ምግብ ጋር፦ በርበሬ የበዛበት ወጥ እንደተበላ ትኩስና ጥቁር ቡና መጠጣት ማቃጠሉን ያብሳል። አፍ እስኪበርድ መቆየት ወይም መጀመሪያ ዳቦ መቅመስ ይሻላል።

የጅዳ አየርና ውኃ

ጅዳ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለሆነች አየሯ እርጥበት አለው። የተቆላ ቡና በዚህ አየር ክፍት ከተተወ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል። ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ፣ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ መቀመጥ፣ ከመፍላቱ በፊትም ወዲያው መፈጨት ይገባዋል። ጥሬ ቡናም በወጥ ቤት ምድጃ አጠገብ መቀመጥ የለበትም።

ውኃም ጣዕምን ይለውጣል። ለቅምሻ የሚመከረው በሊትር 150 ሚሊ ግራም ገደማ የሟሟ ማዕድን ያለው፣ የክሎሪን ሽታ የሌለው ውኃ ነው። ይህ መጠን በታሸገ ውኃ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለት ቡናዎችን የሚያወዳድር ሰው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ውኃ ካልተጠቀመ ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

ለጤና

ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ጉዳት እንደማያስከትል የምግብ ደኅንነት ተቋማት ይገልጻሉ። ለነፍሰ ጡር የሚመከረው ከ200 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ነው። ቡና ከእህል የሚገኘው አይረን በሰውነት የሚዋሃድበትን መጠን ስለሚቀንስ፣ የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣ ይበጀዋል።

ለገዢ የሚጠቅመው የመጨረሻ ምክር አጭር ነው፦ ኪሎ ከመግዛት በፊት 100 ግራም ገዝቶ በአምስት ስኒ መቅመስ። ቅምሻው ከዕረፍት ቀን አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በከረጢቱ ላይ ያለው ስም እውነት መሆን አለመሆኑን ገዢው ራሱ ይመሰክራል።