የግቢ ተማሪና ተመላላሽ ተማሪ

አርሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሰላ ተቋቋመ። በመንግሥት ምደባ ከየክልሉ የሚመጣ ተማሪ ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ብርዳማ ከተማ የመጀመሪያ ወዳጁ የዶርም ጓደኛው ነው፤ ማታ ፌሎሺፕ ሲሄድ ደግሞ አብረውት የሚጸልዩ ወንድሞችና እኅቶች ያገኛል።

በማታ ወይም በግል ኮሌጅ የሚማር የከተማው ልጅ ከክፍል ሲወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የግቢ ኑሮ ባያውቅም ቤተሰቡና አጥቢያው አሉለት።

ይበልጥ የሚቸገረው ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ነው። ዶርምም ቤተሰብም አጠገቡ የለም፤ ፌሎሺፑ በሚሰበሰብበት ሰዓት እርሱ እራቱን ያበስላል።

ወገኖች ሆይ፣ በአጥቢያችን ከኋላ ተቀምጦ ቶሎ የሚወጣ ወጣት ካለ፣ የት እንደሚያድር እንጠይቀው፤ እሑድ ምሳም ቤታችን እንጥራው።