የእንጨት ሀዲድ ወዳጆች ዜና መዋዕል

በአሜሪካ አገር ለሰው ደስታ ተብለው ስለ ተሠሩት የእንጨት ሮለር ኮስተሮች፣ እንዴት እንደ በዙና እንዴት እንደ ጠፉ፣ ከጥፋት የቀሩትንም እነማን እንዳተረፏቸው የሚናገረው ዜና ይህ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በ1884 ዓ.ም. ላማርከስ ቶምሰን የሚባል ሰው በኒው ዮርክ ዳር፣ ኮኒ አይላንድ በተባለው የባሕር ዳርቻ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ሀዲድ ዘርግቶ ሰው ማሳፈር ጀመረ። ዋጋው 5 ሳንቲም ነበረ። ተሳፋሪው በደረጃ ወደ ማማው ይወጣል፣ በፉርጎው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ፉርጎውም በገዛ ክብደቱ ቁልቁል እየወረደ፣ ባገኘውም ኃይል ሽቅብ እየወጣ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ይቀድመዋል። በዚያ ዘመን ግን ሕዝቡ ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር። ቶምሰንም ገንዘብ አገኘበት፣ ሌሎችም አይተው ተከተሉት።

ከተከተሉትም መካከል ጆን ሚለር የሚባል መሐንዲስ ተነሣ። ይህ ሰው ለዚህ ሥራ ያበረከተው ብዙ ነው፤ ሁለቱን ብቻ እናንሣ። አንደኛው፣ ባቡሩ በሰንሰለት ተጎትቶ ዳገቱን ሲወጣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የብረት ጥርስ ነው። ዛሬም ተሳፋሪ ሽቅብ ሲወጣ ከበታቹ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል የሚሰማው እርሱ ነው። ሁለተኛው፣ በ1919 የፈጠራ መብት የተሰጠው፣ ከሀዲዱ በታች ገብቶ የሚሽከረከረው መንኮራኩር ነው። ከዚያ በፊት ፉርጎው ከላይ ተቀምጦ ብቻ ይሄድ ስለነበረ፣ ፍጥነቱ ከበዛ ከሀዲዱ እንዳይነሣ ይፈራ ነበር። ከታች መንኮራኩር ከተበጀለት በኋላ ግን ሠሪዎቹ ደፈሩ። ቁልቁለቱ ገደል መሰለ፤ ፉርጎው ከሀዲዱ ሳይለቅ ሰውየው ብቻ ከመቀመጫው ብድግ የሚልበት ጨዋታ መጣ።

በ1920ዎቹም የእንጨት ሮለር ኮስተሮች እጅግ በዙ። በየከተማው ዳር፣ በየሐይቁና በየባሕሩ ዳርቻ ቆሙ፤ በሰሜን አሜሪካ ቁጥራቸው ከሺህ በላይ ደርሶ እንደ ነበረ ይነገራል። ቶምሰን የመጀመሪያውን ሀዲድ በዘረጋበት በዚያው ስፍራ ላይ፣ ጁን 26 ቀን 1927 ሳይክሎን የተባለው ተከፈተ። ቁመቱ 26 ሜትር፣ የሀዲዱ ርዝመት 800 ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቁልቁለት ወደ 58 ዲግሪ ያጋደለ ስለሆነ በፊተኛው ወንበር የተቀመጠ ሰው ከጫፉ ሲደርስ ከፊቱ ሀዲድ አይታየውም።

ከዚህም በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በ1929 የገንዘብ ገበያው ወደቀ፣ ሕዝቡም ደኸየ። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆነ። ከጦርነቱም በኋላ ሕዝቡ መኪና ገዝቶ ከከተማ ወጣ፣ ማታ ማታም ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያይ ጀመር። በትራም መስመር መጨረሻ ላይ የተሠሩት አሮጌ ፓርኮች ገበያ አጡ፣ መሬታቸው ግን ተወደደ። ባለቤቶቹም ሸጡ። የሺካጎው ሪቨርቪው በ1967 ተዘጋ፤ በአገሩ ሁሉ ስሙ የተጠራው ቦብስ የተባለው ሮለር ኮስተርም አብሮት ፈረሰ። የክሊቭላንዱ ዩክሊድ ቢች በ1969፣ የኒው ጀርሲው ፓሊሴድስ በ1971 ተዘጉ። በዚያን ጊዜ የሚያለቅስላቸው እንጂ የሚከራከርላቸው አልነበረም። ሰው ሁሉ የልጅነቱ ነገር ጠፋ ብሎ አዘነ፣ ቅርስ ጠፋ ያለ ግን ጥቂት ነበረ።

ከዚያ በኋላ የተነሡትን ወዳጆች ሥራ ክብደት ለማወቅ የእንጨቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የእንጨት ሀዲድ አንድ ጊዜ ሠርተው የሚተዉት አይደለም። ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተደራርቦ በምስማርና በብሎን ይያያዛል፤ በላዩ ስስ የብረት ልባጥ ይነጠፋል፤ መንኮራኩሩ የሚሮጠው በዚያ ላይ ነው። እንጨቱ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ብሎኑም ይላላል። ስለዚህ በየማለዳው፣ የፓርኩ በር ሳይከፈት፣ አናጢው መፍቻና መዶሻ ይዞ ሀዲዱን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሄድበታል። ከምድር 20 ሜትር ከፍ ብሎ በጠባብ መረማመጃ ላይ ይቆምና ሳንቃውን መታ አድርጎ ያደምጣል። ደኅናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል። የላላውን ያጠብቃል፣ የታመመውን ምልክት ያደርግበታል፤ ብርዱ ገብቶ ፓርኩ ሲዘጋ ምልክት ያለበት ሁሉ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። እንዲህ እየሆነ 50 ዓመት ካለፈ፣ ከመጀመሪያው እንጨት ብዙው አይገኝም። ታዲያ የተጠበቀው ምንድር ነው ቢባል ልኩ፣ መልኩና ሩጫው ነው። አንድ ዓመት ያልተነዳ ሀዲድ ማንም የማይመታው፣ ማንም የማያደምጠው ሀዲድ ነውና በፍጥነት ይሞታል። ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ የሚያድነው ሰው የሚያስኬደውም ሰው መሆን አለበት። ይህን አስቀድሞ የተናገርነው በኋላ የሚመጣው ነገር እንዲገባ ነው።

አሁን ወደ ዜናው እንመለስ። ሳይክሎን የቆመበትን ስፍራ የኒው ዮርክ ከተማ በ1969 ገዝታው ነበር፤ አሳቡም አፍርሶ ለዓሣና ለባሕር እንስሳት ማሳያ ለሆነው አኳሪየም ማስፊያ ለማድረግ ነበረ። በዚያን ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው ዝም አልተባለም። ሳይክሎንን አድኑ የሚል ጥሪ ተነሣ፣ ሕዝቡም ተሰማ። ከአጠገቡ አስትሮላንድ የተባለውን ፓርክ የያዙት የአልበርት ቤተሰብ ሰዎች ከከተማዋ ተከራዩት፤ ካደሱትም በኋላ ጁላይ 3 ቀን 1975 ዳግመኛ ሮጠ። በ1988 ከተማዋ ራሷ ቅርስ ብላ መዘገበችው። ልታፈርሰው የነበረችው ከተማ መዝጋቢው ሆነች ማለት ነው፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ 20 ዓመት እንኳ አልሞላም።

በ1977 ስለ ሮለር ኮስተር የተሠራ ፊልም ወጣ። ለማስታወቂያውም በቨርጂንያ በሚገኝ ፓርክ ለብዙ ሰዓት ሳይወርዱ የመንዳት ውድድር ተደረገ፤ ከየአገሩ የመጡ ወዳጆች በዚያ ተያዩ። እያንዳንዱ ይህ ፍቅር የእርሱ ብቻ ይመስለው ነበርና እጅግ ተደሰቱ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ በ1978፣ የአሜሪካ ሮለር ኮስተር ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። መጽሔት አወጡ፤ በየዓመቱ በአንድ አገር እየተሰበሰቡ ለፓርክ ባለቤት ሁሉ ንብረቱ ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ነገሩት። የትኛው የት እንዳለ፣ ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ቆመ መዘገቡ። ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም። ነገር ግን የሚሸጠውን ያውቁ ነበር፣ ሊገዛ የሚችለውንም ሰው ያውቁ ነበር፤ በእኔ አሳብ ትልቁ ሀብታቸው ይህ ነበረ።

ማኅበሩ ክላሲክ እያለ የሚያከብራቸውም አሉ፤ መለኪያው የሚያስደንቅ ነው። የእንጨቱን ዕድሜ ብቻ አያዩም፤ የአሳፋሪውን ወግም ያያሉ። ተሳፋሪው ወንበሩን ራሱ ይመርጥ እንደ ሆነ፣ ከጭኑ በላይ የሚወርደው ዘንግ እንደ ጥንቱ ብድግ ለማለት ቦታ ይተውለት እንደ ሆነ፣ ከፊቱ የራስ መደገፊያ ቆሞ መጪውን ቁልቁለት ይጋርደው እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። አያቱ የተሰማው ለልጅ ልጁም ሳይጎድል እንዲደርሰው ነው የሚደክሙት። እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ከሁሉ ይልቅ ሊጻፍ የሚገባው ነው። በቴክሳስ፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ፕሌይላንድ በተባለ ፓርክ ውስጥ ሮኬት የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር ነበረ፤ ኸርበርት ሽሜክ የነደፈው ነው። ፓርኩ በ1980 ተዘጋ። ባቡሩ ቆመ፣ ሣር በቀለበት፣ እንጨቱም በዚያ ፀሐይ ሥር ቀረ። በፔንሲልቬንያ፣ ኢሊስበርግ አጠገብ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ ክኖበልስ የሚባል የአንድ ቤተሰብ ፓርክ አለ፤ መግቢያ አያስከፍልም። ቤተሰቡም የሮኬትን ወሬ ሰምተው ገዙት፤ ነቅለው አገር አቋርጠው ሊያመጡት ቆረጡ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል የሚያህል የእንጨት ሥራ ይህን ያህል መንገድ አጓጉዞ መልሶ ማቆም ያልተለመደ ነበርና ብዙ ሰው አይሆንም አለ።

ሥራውን የመራው ቻርልስ ዲን ነው። ችግሩ ይህ ነበረ፦ ንድፉ አልተገኘም። ወረቀት የለም፤ ያለው የቆመው እንጨት ብቻ ነው። ስለዚህ በ1985 መጀመሪያ ማፍረስ ሲጀምሩ በእያንዳንዱ ቋሚ፣ በእያንዳንዱ ማገር፣ በእያንዳንዱ ሳንቃ ላይ ቁጥር ያለው ምልክት መቱበት። ይህ ከዚያ ጋር፣ ያ ከዚህ ጋር እያሉ ጻፉ። ከዚያም እንጨቱን በከባድ መኪና ጭነው ከቴክሳስ ወደ ፔንሲልቬንያ አጓዙት፤ በደኑም ውስጥ አናጢዎቹ ቁጥሩን እያነበቡ አቆሙት። የማይሆነውን እንጨት በአዲስ ተኩ፣ የሚሆነውን መለሱ። ጁን 15 ቀን 1985 ተከፈተ። 24 ሜትር ይቆማል፣ ርዝመቱ 975 ሜትር ያህል ነው። ስሙንም ከአመዷ ትነሣለች በምትባለው ወፍ ፊኒክስ አሉት። ባቡሩ ከጣቢያው እንደ ወጣ ረጅም የጨለማ ዋሻ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ሰንሰለቱ ይወጣል። ሁለት ሰው የሚጋራው አንድ የጭን ዘንግ ዛሬም አለ፤ በመጨረሻዎቹ ጉብታዎች ላይ ተሳፋሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ብድግ ይላል። ተጥሎ የነበረው ይህ ሥራ ከ2018 ጀምሮ በተደጋጋሚ በሙያው ሽልማት ከዓለም የእንጨት ሮለር ኮስተሮች አንደኛ ተብሎ ተመርጧል።

ይህም ሌሎችን አደፋፈረ። በካናዳ፣ በክሪስታል ቢች የነበረው ኮሜት፣ ድጋፉ ብረት፣ ሀዲዱ እንጨት የሆነው፣ በ1989 ፓርኩ ሲዘጋ ለጨረታ ቀረበ። ቻርልስ ዉድ የሚባለው የፓርክ ባለቤት በ210,000 ዶላር ገዛው፤ ጥቂት ዓመት በማከማቻ ከቆየ በኋላ በ1994 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ግሬት እስኬፕ በተባለው ፓርኩ ዳግመኛ አቆመው።

በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ባሕር ዳርቻ ያለው ጃየንት ዲፐር ግን ሳይነቀል ነው የዳነው። ጁላይ 4 ቀን 1925 ተከፍቶ በ1976 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ተላጠ፣ ከሥሩ ቤት የሌላቸው ሰዎች ያድሩበት ጀመር፣ ይፍረስ የሚለውም ድምፅ በረታ። የሠፈሩ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው ተከራከሩ። በ1978 በብሔራዊ መዝገብ አስገቡት፤ በ1987ም ከዚያ የሚበልጠውን የብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ማዕረግ አገኘ። ማዕረጉ ክብር ይሰጠዋል እንጂ ብሎን አያጠብቅለትም። ባለ ገንዘብ ተገኝቶ፣ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት፣ ኦገስት 11 ቀን 1990 ሲሮጥ ነው ዳነ የተባለው። 14 ዓመት ሙሉ ያልታከቱትን እነዚያን ሰዎች ማመስገን ይገባል።

በፔንሲልቬንያ፣ የባቡር ሠራተኞች ከተማ በሆነችው በአልቱና፣ ሊፕ ዘ ዲፕስ የሚባል በ1902 የተሠራ አለ። ከሚለር መንኮራኩር በፊት የነበረ ነውና ከሀዲዱ በታች የሚይዘው የለም፤ ፉርጎውን በጎን በኩል ያለው ሳንቃ ብቻ ነው የሚመራው። ቁመቱ 12 ሜትር ተኩል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ዘመን የቀረ ጥንታዊ ምስክር ስለሆነ ወዳጆቹ በተለየ ፍርሃት ያዩት ነበር። በ1985 ሰው ማሳፈሩን አቆመ። ለእርሱ ብቻ የሚደክም ድርጅት ተመሠረተ፣ ከየአገሩ መዋጮ ተሰበሰበ፣ በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ተባለ፣ በ1999 እንደገና ሰው አሳፈረ።

ያልዳነውንም ሳልጽፍ ባልፍ ዜናው እውነተኛ አይሆንም። በኮኒ አይላንድ፣ ከሳይክሎን ብዙም ሳይርቅ፣ ጆን ሚለር የነደፈው ተንደርቦልት የሚባል ነበረ፤ በ1925 ተሠራ። ከሥሩ ቤት ነበረበት፤ ሰው ይኖርበት ነበር፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዉዲ አለን አኒ ሆል የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ያንን ቤት አይቶታል። በ1982 ሥራ አቆመና 18 ዓመት ሙሉ ሐረግ ወጣበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወዳጆች ነበሩት፤ የሚያስኬደው ግን አልተገኘም። በአጠገቡ የቤዝቦል ስታዲየም እየተሠራ ሳለ፣ ከተማዋ ሊወድቅ ነው ብላ ኖቬምበር 17 ቀን 2000 ማሽን አምጥታ አፈረሰችው። ባለቤቱ ከሰሰ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪም ማፍረሱ ተገቢ አልነበረም ብሎ ፈረደ። በዚያን ጊዜ ግን እንጨቱ ተጠርጎ ስፍራው ባዶ ነበር። በ2014 በዚያው በኮኒ አይላንድ በስሙ የተጠራ ሌላ ተንደርቦልት ተከፈተ፤ ይህኛው የብረት ነው።