የሞተበት ቀን ያልታወቀ ደራሲ

በዓሉ ግርማ የሞተው መቼ ነው? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ፈተና ላይ የሚመጣ ይመስላል፤ ግን የሕግ ጥያቄ ነው፣ የገንዘብም ጥያቄ ነው። የሚታወቀው ይህን ያህል ነው፦ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ደግሞ አንድ ቀን ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ቆማ ተገኘች። እሱን በሕይወትም ሆነ በሞት አየሁት የሚል፣ ይህ መቃብሩ ነው ብሎ የሚያሳይ ግን አልመጣም።

የቅጂ መብት ሕጋችን ደግሞ ቀን ይፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ ደንግጓል። ያ ሃምሳ ዓመት የወራሾቹ ነው። ሃምሳው ሲያልቅ መጽሐፉ የሁሉም ይሆናል፤ ሮቤ ያለ አንድ ልጅ ተነሥቶ ቢያትመው እንኳ «በማን ፈቃድ?» የሚለው የለም። ስለዚህ ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ የሞት ዓመት ሲደመር 50።

ይህን ሒሳብ በቃሌ ያወቅሁት ሥራዬ ስለሆነ ነው። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው፣ የምኖረው ሮቤ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍትን በስልክ ላይ በደንብ የሚያስነብብ መተግበሪያ እየሠራን ነው። ባሌ ላይ መጽሐፍ መፈለግ ምን እንደሚመስል ለማታውቁ፦ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ማተሚያ ቤቱም አከፋፋዩም እዚያ ናቸው፤ እዚህ በብዛት የሚደርሰው የትምህርት ቤት መጽሐፍና የሃይማኖት መጽሐፍ ነው። የቀረው በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይመጣል፣ ገጽ 43 እና 44 ተዘሎ፣ የስካን አድራጊው አውራ ጣት ጥጉ ላይ ታትሞ። እኛ በሕጋዊ መንገድ እንሥራው አልንና ሰንጠረዥ አዘጋጀን፤ ደራሲ፣ መጽሐፍ፣ የታተመበት ዓመት፣ ደራሲው የሞተበት ዓመት። የመጨረሻውን ዓምድ ማሽኑ ራሱ ያሰላዋል።

አንዳንዱ ረድፍ ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ካረፉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነ። በስደት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ያረፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም እንደዚያው። የአቤ ጉበኛ ረድፍ 2022ን ያሳያል፤ የሞተው በ1972 ነውና ትንሽ መታገሥ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ 2046 ነው፤ ያኔ የእኔ ልጆች ይሠሩት። ከሁሉ የገረመኝ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ረድፍ ነው። ደርግ ሞቱ ብሎ ያወጀው በነሐሴ 1967 ነው፤ ስለዚህ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ላይ ሃምሳው ዓመት የሞላው በ2017 መጨረሻ ነው። እንዴት ሞቱ የሚለው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም መቼ ለሚለው ቢያንስ የታወጀ ቀን አለ።

በዓሉ ላይ ስንደርስ ግን ሳጥኑ ባዶ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው እንደሚያውቀው፣ ባዶ ላይ ሃምሳ ብትደምርበት የሚመለስልህ ባዶ ነው።

እርግጥ ሕጉ ለጠፋ ሰው ጭራሽ መልስ የለውም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ስለ መጥፋት የሚናገር ክፍል አለው፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ሊጠይቅ ይችላል። እስቲ አስቡት ግን። በ1978 አንዲት ሚስት ፍርድ ቤት ሄዳ፣ ባሏን አፍኖ ወስዶታል ብላ የምታስበውን መንግሥት ዳኛ «ባሌ ጠፍቶብኛልና ጠፍቷል በሉልኝ» ስትል። አንቀጹ የተጻፈው ወንዝ ለወሰደው፣ በረሃ ለበላው ሰው ነው እንጂ መንግሥት ለሰወረው ሰው ይመስለኛል ለማለት ይከብዳል።

እሺ፣ ቀን እንስጠው። የካቲት 1976ን ብንወስድ መብቱ በ2026 ያበቃል። ሁለቱን ዓመት ጨምረን 1978 ብንል 2028 ይሆናል። ቀን የለውም ካልን ሰዓቱ ጭራሽ አልተነሣም። ሁለት ዓመት ምን አላት የሚል ይኖራል፤ በየዓመቱ ለሚሸጥ መጽሐፍ ግን ለቤተሰብም ለአሳታሚም ብዙ አላት። እኔን የከነከነኝ ሌላው ነው። ከየካቲት 1976 መቁጠር ከጀመርን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት፣ ደርግ እስከወደቀበት እስከ ግንቦት 1983 ድረስ ያሉት፣ «ኦሮማይ» በየጓዳው በፎቶኮፒ የሚነበብባቸው፣ ለቤተሰቡ አንዲት ሳንቲም የማያስገባባቸው ዓመታት ናቸው። ወራሾቹ ሃምሳ ዓመት ተሰጣችሁ ይባላሉ፤ ከሃምሳው ሰባቱን መንግሥት ራሱ በልቶታል። ደራሲውን የሰወረው አካል መጽሐፉንም አገደ፤ ሰዓቱ ግን አልቆመም። አዋጁ ውስጥ የታገደባቸው ዓመታት ይካካሱ የሚል መስመር ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር።

በነገራችን ላይ የደራሲን ሥራ መውረስ ማለት የግድ የልጅ ነገር አልነበረም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተላለፈ፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሲጨርሱበት ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ አሉ፤ መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ውርስ፣ የደም ዝምድና የሌለበት። ወራሹ ገቢ ሳይሆን ሥራ ነው የተረከበው። እኛ አገር ባሌም ቢሆን የድሬ ሼክ ሁሴን የምስጋና ዜማዎች፣ ባህሮ የሚባሉት፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄዱ የኖሩ ናቸው፤ የሼክ ሁሴንን ገድል የያዘው የዓረብኛ መጽሐፍ በአውሮፓውያኑ 1920ዎቹ ካይሮ ላይ ሲታተም መባዛቱ እንደ በጎ ሥራ ነበር የሚታየው። ባለቤቱ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር «ሼኩ ናቸዋ» ነበር የሚባለው።

እነዚህን የማነሣው ድሮ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። ድሮ ደራሲ ከመጽሐፍ አይበላም ነበር። ግን የዛሬው ወራሽና አሳታሚ ሲገናኙ አደራው ተረስቶ ገንዘቡ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ገንዘቡ ደግሞ ትንሽ ነው። ትንሽ ገንዘብ ላይ የሚደረግ ክርክር ከትልቁ ይብሳል።

በውጭው ዓለም ይህ ነገር እስከ ጥግ ሄዷል። የሼርሎክ ሆምስ ፈጣሪ አርተር ኮናን ዶይል የሞተው በአውሮፓውያኑ 1930 ነው። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ሌስሊ ክሊንገር የሚባል አሜሪካዊ ጠበቃና አርታኢ በሆምስ ላይ የተመሠረቱ አዳዲስ ታሪኮችን ሰብስቦ ሊያሳትም ሲል ወራሾቹ ክፈል አሉት። ለመጀመሪያው ስብስብ ትልቁ አሳታሚው 5,000 ዶላር ከፍሎ ተገላግሏል። ሁለተኛውን ሊያወጣ የነበረው ፔጋሰስ የተባለ ትንሽ አሳታሚ ግን ማስጠንቀቂያው ሲመጣበት መጽሐፉን ለማውጣት ፈራ። ክሊንገር ራሱ ከሰሰ። በአሜሪካ በመብት ሥር የቀሩት የመጨረሻዎቹ አሥር ታሪኮች ብቻ ነበሩ፤ በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የቀሩት የሁሉም ናቸው ብሎ ፈረደለት፤ የይግባኙን የጠበቃ ወጪም፣ 30,679 ዶላር ከ93 ሳንቲም፣ ወራሾቹ እንዲከፍሉ አደረገ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የማስታውሰው ሳንቲሙን ሳይሆን የትንሹን አሳታሚ ፍርሃት ነው። ጉዳዩ የሞተ መብት ነበር፤ ግን ትንሽ አሳታሚ ጠበቃ ይዞ መብቱ መሞቱን ማስረዳት አይችልም።

እኛ ጋ ፍርሃቱ የበለጠ ምክንያት አለው። በአዋጅ 410 መሠረት ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር ማነስ አይችልም። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጥቂት መቶ ቅጂ አትሞ፣ ግማሹን በዱቤ ለመጽሐፍ አዟሪ ሰጥቶ የሚኖር አሳታሚ ይህን ሲያነብ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ መጽሐፉን ይተወዋል፣ ወይ የአሳታሚውን ስም ሳይጽፍ ያወጣዋል። ሁለተኛውን በየመንገዱ ታዩታላችሁ።

ሕጉን አክብሬ ልሥራ ያለውም ቢሆን ከማን ነው የሚፈራረመው? የመብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት። ወራሽ ነኝ የሚል ሰው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልገዋል። ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ ደግሞ የሁሉም ወራሾች የጋራ ነው፤ የአንዱ ፊርማ ሌላውን አያስርም። ቤት ይሸጣል፣ ላም ትከፈላለች፤ መጽሐፍ ግን ማንም አከፋፍሎት አያውቅም። ሰው ሲሞት በንብረት ዝርዝር ውስጥ መጽሐፉን የሚያስመዘግብ ቤተሰብ እኔ አላየሁም። ትዝ የሚላቸው የሆነ ሰው በድጋሚ ሲያሳትመው ነው።

አንዱን ከቅርብ አውቀዋለሁ፤ ስም አልጠራም። ጎባ ለብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አንድ ቀጭን መጽሐፍ በራሳቸው ወጪ ያሳተሙ መምህር ነበሩ። ያረፉት በ2001 ነው፤ ሰንጠረዣችን 2051 ይላል። ስለ ባሌ ኑሮ እንደዚያ የጻፈ ሰው ስለማላውቅ መጽሐፉን በጣም ፈለግነው። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ታላቁን፣ ጋሼ የምንለውን፣ ጎባ ቤቱ ሄደን ስናናግረው ቡና ተፈላልን፤ «የአባባ ስም ከተነሣ ምን ከፋኝ፣ ውሰዱት» አለ። አዲስ አበባ ያለችው ሁለተኛዋ በስልክ አመስግና «እህቴ ካለች እሺ» አለች። ሦስተኛዋ ሚኒሶታ ናት፤ መልእክታችንን አይታ ለሁለት ሳምንት ዝም አለች።

በኋላ እንደገባን፣ ከዓመታት በፊት አንድ አነስተኛ አሳታሚ በጋሼ የቃል ፈቃድ መጽሐፉን በድጋሚ አውጥቶት ነበር። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፤ ለጋሼ አምስት ቅጂና የታክሲ የሚሆን ብር ተሰጠው። እህቶቹ ያወቁት አንድ ዘመድ መጽሐፉን ከመንገድ ገዝቶ ሲያሳያቸው ነው። የሚገርመው የትንሿ ቅሬታ ስለ ብሩ ብቻ አይደለም። አባቷ መጀመሪያው ገጽ ላይ ለእናታቸው የጻፉት መታሰቢያ በድጋሚው እትም ውስጥ የለም። ምናልባት ወረቀት ለመቆጠብ ነው፤ ምናልባት ማንም አላሰበበትም። ሕጉ ለዚህ ስም አለው፣ የሞራል መብት ይለዋል፤ ደራሲው ሲሞት ለወራሾቹ የሚተላለፍ። እሷ «የእማዬን ስም አወጡት» ነው ያለችው።

ወራሾች ስግብግብ ናቸው፣ መጽሐፍ ያፍናሉ የሚል ወሬ በአሳታሚዎች ዘንድ ብዙ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ እውነት ይሆናል። ግን በቃል ከተበላ ሰው ፊት በቃል ቀርቦ «እመነኝ» ማለት አያዋጣም። ስለዚህ ውል ጻፍን፤ ሦስቱም የሚፈርሙበት፣ ስንት ሰው እንዳነበበው እነሱ ራሳቸው ገብተው የሚያዩበት ገጽ ያለው፣ በማንኛውም ጊዜ አንሱት ቢሉ በ30 ቀን ውስጥ የምናነሣበት። መታሰቢያው ወደ ቦታው እንደሚመለስም አንድ አንቀጽ አለው።

«ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ኒው ዮርክና ለንደን ላይ ወጥቷል፤ ደራሲው ከጠፋ ከአርባ ዓመት በኋላ። እኛ ሰንጠረዥ ላይ የእሱ ረድፍ አሁንም ባዶ ነው፤ 1976 ብሎ መሙላት ቀላል ነበር፣ ግን ከሦስታችን አንዳችንም እጃችን አልታዘዘም። በሞት ዓመቱ ፋንታ «ቤተሰቡ ይጠየቅ» ብለን ጻፍንበት።

የሚኒሶታዋ እህት ባለፈው ሳምንት መለሰች። ውሉን አንብባዋለች። ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር እንድንጠይቅላት ትፈልጋለች፦ ያ አሳታሚ ያኔ ስንት ቅጂ ነበር ያተመው?