ጓያ እና የማይመለሰው የነርቭ ጉዳት

ጓያ ድርቅን፣ ውኃ የሚተኛበትን መሬት እና ደካማ አፈርን ተቋቁሞ ምርት የሚሰጥ የጥራጥሬ ሰብል ነው። በኢትዮጵያ በተለይም በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ እና በሸዋ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው አካባቢዎች ክረምቱ ሲያበቃ በመሬቱ ውስጥ በሚቀረው እርጥበት ይበቅላል። ሌሎች ሰብሎች በድርቅ ሲጠፉ በአርሶ አደሩ እጅ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ጓያ ብቻ ነው። የሰብሉ ጥቅምም ሆነ አደጋ የሚመነጨው ከዚሁ ጠባዩ ነው።

በጓያ ፍሬ ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዛማ የአሚኖ አሲድ ዓይነት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ተለይቶ የታወቀው ይህ ንጥረ ነገር፣ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ ሕዋሳት መልእክት አስተላላፊ በመምሰል ሕዋሳቱን ከመጠን በላይ ያነሳሳል። በዚህም ሳቢያ ከአንጎል ተነስተው የእግርን እንቅስቃሴ የሚመሩት የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳሉ።

በሕክምናው ኒውሮላታይሪዝም የሚባለው ሕመም የሚከሰተው ጓያን ዋነኛ ምግብ አድርገው ለሁለትና ለሦስት ወራት ያለማቋረጥ በሚመገቡ ሰዎች ላይ ነው። ሕመምተኛው እግሩ ይገትረዋል፤ በጣቶቹ ጫፍ መራመድ ይጀምራል፤ ሕመሙ ሲጸና በአንድ፣ ቀጥሎም በሁለት ምርኩዝ ይደገፋል፤ እጅግ የከፋበት ደግሞ ለመዳህ ይገደዳል። ሕመሙ በእርጅና ከሚመጡት የአንጎል ሕመሞች የሚለየው በአብዛኛው ወጣቶችን፣ በተለይም ወንዶችን የሚያጠቃ በመሆኑና የማሰብና የማስታወስ ችሎታን የማይነካ በመሆኑ ነው። ጉዳቱን የሚመልስ መድኃኒት የለም።

በጎንደር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተከሰተው ወረርሽኝ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያካሄዱት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። በወሎ በደላንታና ዳውንት እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ድርቅን ተከትሎ በተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተጎድተዋል።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በዚሁ አካባቢ ባካሄዷቸው ጥናቶች አደጋው እንደ አዘገጃጀቱ እንደሚለያይ አሳይተዋል። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው የበለጠ አደገኛ ሲሆኑ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራ ሽሮ ወጥ አደጋው አነስተኛ ነው። ጓያን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም ጉዳቱን ይቀንሳል። ፍሬውን መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት የመርዙን መጠን ዝቅ ያደርጋል።

ሰብሉን መከልከል ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ የሕንድ ተሞክሮ ያሳያል። በዚያች አገር ሽያጩ እ.ኤ.አ. በ1961 ቢታገድም፣ ሌላ አማራጭ ያልነበራቸው ገበሬዎች መዝራታቸውን አላቆሙም። በኢትዮጵያ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሴ የተባለውን፣ የመርዝ መጠኑ አነስተኛ የሆነ ዝርያ ለአርሶ አደሩ አቅርቧል። ይሁን እንጂ ዋሴም ከመርዝ ፈጽሞ ነፃ አይደለም።

በመሆኑም ዋነኛው መከላከያ ጊዜ ነው። ሕመሙ ሥር ለመስደድ ሳምንታትና ወራት የሚወስድ በመሆኑ፣ ድርቅ በደረሰበት ወረዳ የእርዳታ እህል ማኅበረሰቡ በጓያ ላይ ብቻ ጥገኛ ከመሆኑ በፊት ከደረሰ ሕመሙን ማስቀረት ይቻላል። ዘግይቶ የደረሰ እህል ረሃብን ሊያስታግስ ይችል ይሆናል፤ የተጎዳውን እግር ግን አይመልስም።