የፊልምን ቋንቋ የሚመርጠው ማን ነበር?

ከመሥሪያ ቤት ተመልሳችሁ ማታ ከቤተ ሰብ ጋራ ኔትፍሊክስን የመሰለውን የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ስትከፍቱ፥ ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ በውስጧ ሰረዝ ያለባት አንዲት ትንሽ ምልክት እንዳለች ሳታስተውሉ አትቀሩም። እርስዋ ስትነካ ሁለት ዝርዝር ይወጣል። አንዱ ተዋንያኑ የሚናገሩበትን ቋንቋ፥ ሁለተኛው በሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈውን፥ ብዙ ሰው ሰብታይትል የሚለውን ጽሑፍ ለመምረጥ ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ይህ ምርጫ በተመልካቹ እጅ እስኪገባ ድረስ ሰባ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ይሆናል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገረ ነው።

ሲኒማ ድምፅ ባልነበረው ጊዜ ችግሩ ቀላል ነበር። ንግግሩ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በሥዕሎቹ መካከል ይገባ ስለ ነበር፥ ፊልሙ ወደ ሌላ አገር ሲላክ ያንን ቈርጦ አውጥቶ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ መተካት ይበቃ ነበር። በጃፓን ደግሞ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከሸራው አጠገብ ሆኖ የተዋንያኑን ንግግር በየድምፃቸው እያስመሰለ ይተርክ ነበር፤ ከፊልሙ ይልቅ ተራኪውን ለመስማት የሚመጣ ሰውም አልታጣም።

በ1927 የዋርነር ወንድማማቾች ኩባንያ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለውን ፊልም በኒውዮርክ ባሳየ ጊዜ ግን ሸራው መናገር ጀመረ፤ የተናገረውም እንግሊዝኛ ነው። የቀረው ዓለም ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የታሰበው መፍትሔ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። የፓራማውንት ኩባንያ በ1930 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በዥዋንቪል አንዱን ታሪክ በየቋንቋው፥ በየጊዜው በሌሎች ተዋንያን ደጋግሞ ያነሣ ጀመር። የ1931ዱ «ድራኩላ» በአሜሪካ ሲሠራም፥ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ቀን ሠርተው ሲሄዱ እስፓኝኛ ተናጋሪዎቹ ሌሊት እየገቡ፥ በዚያው ቤትና በዚያው ዕቃ መካከል ያንኑ ታሪክ ይሠሩ ነበር። ወጪው ስለ በዛ ዘዴው ብዙ አልቈየም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሁለት መንገድ ነው፤ ይኸውም የተዋናዩን ድምፅ በሌላ ሰው ድምፅ መተካት፥ ወይም ትርጕሙን ከግርጌ መጻፍ። የትኛው እንደሚሻል ግን ተመልካቹን የጠየቀው አልነበረም። ስዊድን፥ ዴንማርክና ሆላንድ የሕዝባቸው ቍጥር አነስተኛ ስለ ሆነ ወጪው የሚቀለውን ጽሑፍ ያዙ። በኢጣልያ የሙሶሊኒ መንግሥት በ1930 በባዕድ ቋንቋ የሚነገር ፊልም እንዳይታይ ከለከለ፤ በእስፓኝም የፍራንኮ መንግሥት በ1941 ፊልም ሁሉ በእስፓኝኛ እንዲነገር አዘዘ። ነገሩ የቋንቋ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ድምፁ ሲተካ ያልተወደደውን ቃል ለውጦ ማለፍ ይቻላል፤ ተመልካቹም የመጀመሪያውን ድምፅ ስለማይሰማ አያውቅም። በ1953 የተሠራው «ሞጋምቦ» ለእስፓኝ ሲቀርብ፥ ባለ ትዳሯ ሴት ሌላ ወንድ መውደዷን ሊሸፍኑ የፈለጉ ተቈጣጣሪዎች ባልና ሚስቱን ወንድምና እኅት አደረጓቸው። ባልና ሚስት ሆነው የሚኖሩትን ሰዎች እኅትና ወንድም ማለት ምን ያህል የባሰ ነውር እንደሚያመጣ አላሰቡትም!

ድምፅ መተካትን ግን ጨርሶ ልንነቅፈው አይገባም። በ2016 በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ባቀረበ ጊዜ፥ ንባብ የማያውቁ አረጋውያን ሳይቀሩ ከልጆቻቸው እኩል ሊከታተሉት ችለዋል።

በድምፅ መምጣት ከሁሉ ይልቅ የተጐዱት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ናቸው፤ ሰሌዳው ሲቀር ፊልሙም አብሮ ቀረባቸው። የምርጫውን በር የከፈቱትም እነርሱ ናቸው ለማለት እደፍራለሁ። በድምፅ አልባው ዘመን ተዋናይ የነበረውና ራሱም መስማት የተሳነው ኤመርሰን ሮሜሮ በ1947 በፊልም መካከል ጽሑፍ እያስገባ ለወገኖቹ ያቀርብ ጀመር። በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ሥራውን በሕግ ደገፈ። በ1980 ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋራ በሚያያዝ ልዩ መሣሪያ፥ ጽሑፉ ለፈለገው ብቻ የሚታይበት ዘዴ በዚያው አገር ሥራ ላይ ዋለ። በ1996 በጃፓን ገበያ የወጣው ዲቪዲ ይህንኑ ሐሳብ አስፋፍቶ፥ በአንድ ሰሐን ላይ እስከ 8 የሚደርስ ድምፅና እስከ 32 የሚደርስ የግርጌ ጽሑፍ ይይዝ ነበር።

ፊልም በኢንተርኔት መታየት ሲጀምር ግን ትግሉ እንደ ገና ተነሣ። የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ2011 ኔትፍሊክስን ከሰሰ፤ በ2012 ዳኛው የአካል ጕዳተኞች መብት ሕግ በኢንተርኔት የሚነግደውንም ይመለከታል ሲሉ ወሰኑ። በዚያው ዓመት ኩባንያው እስከ 2014 ድረስ ለሚያሳየው ሁሉ ጽሑፍ ሊያዘጋጅ ተስማማ።

አሁን ወደ ትንሿ ምልክት እንመለስ። በዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ተጽፎ፥ በአንደኛው ላይ «ሲሲ» የሚሉ ፊደሎች ተጨምረው ብታገኙ ስሕተት አይደለም። ሲሲ ያለበት መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀ ስለ ሆነ የበር መንኳኳትና የዝናብ ድምፅ ሳይቀር ይጻፍበታል። በ2021 የኮሪያው «ስኩዊድ ጌም» በወጣ ጊዜ፥ ሲሲ ያለበት እንግሊዝኛ የተከተለው በእንግሊዝኛ የተተካውን ድምፅ ሲሆን፥ ሌላው ከኮሪያኛው የተተረጐመ ነበር። ኮሪያኛ የሚያውቁ ተመልካቾች የሁለቱን ልዩነት አንሥተው ብዙ ተከራክረዋል። ስለዚህ የተዋናዩን የራሱን ድምፅ እየሰማ ትርጕሙን ማንበብ የሚፈልግ ሰው፥ በመጀመሪያው ዝርዝር ፊልሙ የተሠራበትን ቋንቋ፥ በሁለተኛው ደግሞ ሲሲ የሌለበትን ጽሑፍ ይምረጥ።