የሰቆጣው ቤት ቁጥርና የኮምፒውተሩ ውሸት

ሰቆጣ ነን። አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ገብተን ያረጀ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠናል። የከፈትነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጽሑፋችንንና ኢንተርኔቱን። (እሺ፣ ኢንተርኔቱ ላይ ስምንት ገጽ ከፍተን ነበር። አንዋሽም።) ድንገት ማውሱ ቀጥ አለ። ከሳጥኑ ውስጥ የሀርድ ዲስኩ ኳኳታ መጣ፤ የእኛም ልብ አብሮ መምታት ጀመረ። ሴቭ ያላደረግነው የሁለት ሰዓት ሥራ አለበታ! ባለቤቱ ወጣት ግን ከኮፒ ማሽኑ ቀና እንኳ ሳይል «ራሙ ትንሽ ነው፤ ታገሱት» አለን።

እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው፤ «ታገሱት» የሚል መልስ አይዋጥልንም። ራሙ ሞልቶ ከሆነ ለምን ጭራሹን አይጠፋም? ሳጥኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚለውስ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ተመልሰን ነገሩን ስንጎረጉር ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ላይ ወደቅን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከእጦት ነው። በ1950ዎቹ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሥራው ከኮምፒውተሩ ፈጣን ሜሞሪ ከበለጠ፣ ራሱ ቆራርጦ «ይህ ቁራጭ ይግባ፣ ያኛው ይውጣ» እያለ ማዘዝ ነበረበት። ፍሪትዝ ሩዶልፍ ጉንች የተባለ ጀርመናዊ በ1956 በዶክትሬት ጽሑፉ «ይህን ለምን ማሽኑ ራሱ አይሠራውም?» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ሠርተው ያሳዩት ግን የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ ናቸው። ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር የሠሩት አትላስ የተባለ ኮምፒውተር በዲሴምበር 1962 ተመረቀ። ፈጣን ሜሞሪው የሚይዘው 16,384 የማሽን ቃላት ነበር፤ ከጎኑ የሚሽከረከረው ቀርፋፋ ከበሮ ደግሞ 98,304። እነ ኪልበርን ሁለቱን አንድ አስመሰሏቸው። ሥራውን ሁሉ ባለ 512 ቃል ቁራጭ አድርገው ከፋፈሉትና ቁራጩን «ገጽ» አሉት። ፕሮግራሙ ፈጣኑ ሜሞሪ ላይ የሌለ ገጽ ሲጠይቅ ማሽኑ ያስቆመዋል፣ ገጹን ከከበሮው ያመጣል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ያስቀጥለዋል። ቦታ ከሌለ ደግሞ የሚፈለግ የማይመስለውን ገጽ ያስወጣል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ አያውቅም። ቨርቿል ሜሞሪ የሚባለው እንግዲህ ይህ በጎ ውሸት ነው።

ውሸት ግን መዝገብ ይፈልጋል። ማን የት እንዳለ ካልተጻፈ ውሸቱ በአንድ ቀን ይጋለጣል። መዝገቡን የሚጽፈው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነል፣ ነው፤ የመዝገቡም ስም ፔጅ ቴብል ይባላል። እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሰቆጣ እንመለስ። እንበል ቀበሌ 01 ቤት ቁጥር 25 አለ፤ ቀበሌ 02ም ቤት ቁጥር 25 አለ። ቁጥሩ አንድ፣ ቤቱ ሁለት። ኮምፒውተር ውስጥም እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቀበሌ አለው። ሁሉም «ቤት ቁጥር 25» ይላል፤ ፕሮሰሰሩ ከርነሉ የጻፈውን የዚያን ፕሮግራም መዝገብ አይቶ ወደ ትክክለኛው ቤት ይወስደዋል። መዝገቡ ላይ ከቦታው ሌላ «ሰውየው ቤት አለ ወይስ ዲስክ ላይ ነው?»፣ «ማንበብ ብቻ ነው ወይስ መጻፍም ይፈቀዳል?» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ቶሎ ቶሎ የሚጠየቁትን አድራሻዎች ደግሞ ፕሮሰሰሩ፣ እንደ ጎበዝ የቀበሌ ጸሐፊ፣ መዝገብ ሳይገልጥ በቃሉ ይይዛቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ አትላስ በተመረቀበት ዓመት ሰቆጣ የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ የዋግ አውራጃ ከተማ ነበረች። ከ1991 በኋላ አማራ ክልል፣ ዋግ ኽምራ ተባለ። መዝገቡ ተለወጠ እንጂ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከዓለቱ አልተነቀለም። በኮምፒውተሩ ተገላቢጦሹም ይሠራል፤ ዕቃው ከራም ወደ ዲስክ ቢሰደድም ፕሮግራሙ የሚጠራው አድራሻ ያው ነው።

ችግሩ የመዝገቡ ውፍረት ነው። በ1985 የወጣው የኢንቴል 80386 ፕሮሰሰር ለአንድ ፕሮግራም 4 ጊጋ ባይት አድራሻ ይሰጣል። አንድ ገጽ 4,096 ባይት ነው። (ለግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ገጹ 1,365 ፊደል ይይዛል፤ ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ፊደሉ ብቻ ሲቆጠር ከሦስት አራት ገጽ አያልፍም።) 4 ጊጋ ባይት ለ4,096 ሲካፈል 1,048,576 ገጽ ይሆናል። ለእያንዳንዱ 4 ባይት ብንመዘግብ፣ መዝገቡ ብቻውን 4 ሜጋ ባይት ይበላል። ያን ጊዜ 4 ሜጋ ባይት የአንድ ኮምፒውተር ሙሉ ራም ነበር!

መፍትሔው አስተዳደራዊ ነው ብንል አትሳቁብን። መዝገቡን በእርከን መክፈል። 80386 ሁለት እርከን አለው፤ ላይኛው ላይ 1,024 መስመር፣ እያንዳንዱ መስመር ወደ ሌላ ባለ 1,024 መስመር መዝገብ ይመራል። ሰው የማይኖርበት ወረዳ የቀበሌ መዝገብ አይታተምለትም፤ ላይ «የለም» ይባልና ያልቃል። ትንሽ ፕሮግራም በ4 ሜጋ ባይት ፈንታ በ12 ኪሎ ባይት መዝገብ ይኖራል። በኋላ የመጡት ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች አራት እርከን አላቸው፤ ልክ እንደ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። አድራሻውም እስከ 256 ቴራ ባይት ይደርሳል። እሱም አልበቃ ብሎ ሊነክስ በ2017 አምስተኛ እርከን ጨመረ።

ሊነክስን ካነሣን አይቀር፣ ከታሪኩ ሁሉ የምንወደው ይህን ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ በ1991 ሊነክስን የጻፈው 80386 ላይ ነው። አንድ ጀርመን አገር ያለ ሰው «የእኔ ማሽን 2 ሜጋ ባይት ራም ብቻ ነው ያለው፤ ከርነሉን ኮምፓይል ማድረግ አቃተኝ» አለው። ሊነስ ለራሱ አላስፈለገውም። ግን የዚያን ዓመት የገና ሰሞን ተቀምጦ ገጾችን ወደ ዲስክ የሚያሸጋግረውን ክፍል ጻፈ፤ በጥር 1992 ለሕዝብ ወጣ። ለአንድ ራም ላጠረው ሰው ተብሎ!

እኛ አገር በ2008 ገደማ ትምህርት ቤቶች የገቡትን አረንጓዴና ነጭ የኤክስኦ ላፕቶፖች ታስታውሳላችሁ? ሊነክስ ነበሩ፤ ራማቸው 256 ሜጋ ባይት። ወደ ዲስክ የማሸጋገሩ ነገር ግን አልነበረባቸውም። እንዲህ ያለ ማሽን ራሙ ሲያልቅ ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድለዋል። ዛሬ አንድ ዌብሳይት ብቻውን ያን 256 ሜጋ ባይት ጠርጎ ሲበላ እናያለን። ያንን የሚሠሩት ሰዎች አንድ ቀን ሰቆጣ መጥተው ቢጽፉ ደስ ይለናል።

መዝገቡ አጥርም ነው። ለፍጥነት ሲባል ከርነሉ የራሱን ቤቶች በየፕሮግራሙ መዝገብ ላይ ጽፎ «መግባት ክልክል» የሚል ምልክት ያደርግባቸው ነበር። በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውን የተባለው ችግር ይፋ ሲሆን፣ ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ምልክቱን ከማየታቸው በፊት አጮልቀው እንደሚያነቡ ታወቀ። የይለፍ ቃላችን ሳይቀር በዚያ ቀዳዳ ሊሾልክ ይችል ነበር። ከርነሎቹ ለራሳቸውና ለፕሮግራሞቹ የተለያየ መዝገብ ለመያዝ ተገደዱ፤ ማሽኖችም ጥቂት ቀነሱ።

ሰቆጣ የሰማነውን ኳኳታ ያብራራልን ግን ፒተር ዴኒንግ ነው። አሜሪካዊው ዴኒንግ በ1968 እንደጻፈው እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ወቅት ግድ የሚሉት ገጾች አሉ። የሁሉም ድምር ከራሙ ከበለጠ፣ አንዱን ለማስገባት የሚወጣው ሌላው ወዲያው የሚፈልገው ይሆናል። ማሽኑ ሥራውን ትቶ ሲያመላልስ ይውላል። ደግሞም ቀስ በቀስ አይደለም፤ ልኩን ሲያልፍ በአንዴ ነው የሚወድቀው። መድኃኒቱ ከፕሮግራሞቹ አንዱን ማስወጣት ነው።

ወጣቱ ዴኒንግን አንብቦ እንደሆነ አልጠየቅነውም። ኮፒውን ሲጨርስ መጣ፣ ማውሱን ተቀበለን፣ የኢንተርኔት ገጾቻችንን አንድ በአንድ ዘጋ። በስድስተኛው ላይ ኳኳታው ቆመ። ጽሑፋችን ከነፊደሉ ተመልሶ መጣ፤ ሴቭ አድርጎ አተመልንና ወረቀቱን በአውራ ጣቱ እየቆጠረ «በገጽ ነው የምናስከፍለው» አለን።