ካሪኤል ጋርዶሽ (ዶሽ)

ካሪኤል ጋርዶሽ (1921–2000 እ.ኤ.አ.) የእስራኤል የፖለቲካ ካርቱኒስት ነበር። አንባቢ የሚያውቀው ግን «ዶሽ» በሚለው የብዕር ስሙ ነው፤ ከ«ጋርዶሽ» የመጨረሻው ክፍለ ቃል ብቻ የቀረበት ስም። በዕብራይስጥ የዕለት ጋዜጣ ላይ በመሣል አርዬ ናቮን ይቀድመዋል፤ በ1930ዎቹ «ዳቫር» በተባለው ጋዜጣ ላይ ይሠራ ነበር። ለአገሪቱ መልክ ያወጣላት ግን ዶሽ ነው።

የተወለደው ቡዳፔስት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርቢያ ውስጥ ቦር በተባለው የመዳብ ማዕድን የግዳጅ ሥራ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ተማረ፤ በ1948 እስራኤል ገባ፤ በ1953 «ማአሪቭ» ጋዜጣን ተቀላቀለ። እዚያም የአገሩ ልጅ፣ ስላቅ ጸሐፊው ኤፍሬም ኪሾን ነበር። የኪሾን ቃልና የዶሽ ሥዕል ብዙ ጊዜ አብረው ታትመዋል።

በ1956 ስሩሊክ የተባለው፣ እስራኤልን የሚወክለው የዶሽ የካርቱን ልጅ ተፈጠረ። ስሙ «እስራኤል» የሚለው ስም ቁልምጫ ነው። ክብ የጨርቅ ኮፍያ፣ ካኪ ቁምጣ፣ ክፍት ጫማ፤ ከኮፍያው ሥር ያመለጠ የግንባር ጸጉር። ጢም የለውም፣ ሆድ የለውም፣ መሣሪያም አልፎ አልፎ እንጂ አይይዝም። የናዚ ጋዜጦች አይሁዳዊን አፍንጫው የተቆለመመ ስግብግብ ሽማግሌ አድርገው ይሥሉት ነበር። ዶሽ በዚያው በካርቱን መሣሪያ አይሁዳዊውን ልጅ አድርጎ መለሰላቸው። የዶሽ ፖለቲካ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ቢሆንም ልጁ የዋህ ስለሚመስል፣ ጠንካራውን አቋም እንኳ ሰው እየሣቀ ይቀበለው ነበር። ብልሃቱም አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ኮፍያው የእርሻ መንደር ሰፋሪዎች ኮፍያ ነው። በእስራኤሏ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ሻአሪያ የተባለውን ሰፈር የመሠረቱት የየመን አይሁዶች፣ ኋላም ከተማዋ የገቡት ኢትዮጵያውያን አይሁዶች፣ ልጆቻቸውን ከዚያ ኮፍያ ሥር ቢፈልጉ የሚያገኟቸው አይመስለኝም። ስሩሊክ ግን ለሁሉም ተወካይ ሆኖ ነው የቆመው።

ዶሽ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በለንደን የእስራኤል ኤምባሲ የባህል አታሼ ሆኖ ሠርቷል። በ1997 የእስራኤል ፖስታ ስሩሊክን በቴምብር ላይ አወጣው፤ ሠዓሊው ያረፈው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።